የዳንዶራ ጭስ፣ የዶሮዋ እንቁላልና የእኛ የቆሻሻ ጉድጓድ

ባለፈው ዕትም ስለ ውሃ ማጣራት እንጽፋለን ብለን ቃል ገብተን ነበር። እሱን ለሚቀጥለው አቆይተነዋል፤ ምክንያቱም ክፍል ውስጥ አንድ ነገር ገጠመን።

ባለፈው ተርም ማለቂያ ላይ አንድ የ7ኛ ክፍል ተማሪያችን አርፍዶ መጣ። እጁና ፊቱ በጥቀርሻ ተለውሷል፣ ልብሱ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። «የት ነበርክ?» ስንለው «ሽቦ ሳቃጥል ነበር ቲቸር» አለ። አልደበቀም። የድሮ የኤሌክትሪክ ሽቦ ሰብስቦ ላጋው (ደረቁ ወንዝ) ውስጥ ያቃጥለዋል፣ ላስቲኩ ሲነድ መዳቡ ይቀራል፣ መዳቡን ቆራሌው በኪሎ ይገዛዋል። በዚያ ብር ደብተርና ሳሙና ይገዛል፣ ለእናቱም ስኳር። ልንቆጣው አልቻልንም። በምን አፋችን? እኛ መምህራኑ ራሳችን ከክፍሎቹ ጀርባ ባለው ጉድጓድ በየዓርቡ የት/ቤቱን ቆሻሻ ክብሪት ጭረን እናቃጥል ነበር፤ ጭሱም በመስኮት ገብቶ እነ አንደኛ ክፍልን ሲያስላቸው «ወዲያው ያልፋል» እንል ነበር።

በዚያው ቀን አንዲት ተማሪ እጇን አወጣችና «ናይሮቢ አክስቴ ጋ ስሄድም ሌሊት ሌሊት ልክ እንደዚህ ይሸታል። ይኼ ጭስ ምን አለበት?» ብላ ጠየቀች። እኛም «ሳል ያመጣል» ብለን አለፍናት። መልሱ ግማሽ ነበር። የኬሚስትሪ ትምህርታችንን ሁለተኛ ዓመት ላይ ጥለን የወጣን ብንሆንም ከዚያ የተሻለ መመለስ ነበረብን። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ የቀረው ግማሽ መልስ አድርጋችሁ ውሰዱልን። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ናይሮቢ ውስጥ የሚሸተው ከየት ነው?

ኢስሊ ዘመድ ያለው ሰው ዳንዶራ የሚለውን ስም መስማቱ አይቀርም። ከመሀል ናይሮቢ በስተምሥራቅ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኝ የከተማው ዋና የቆሻሻ መጣያ ነው። ድሮ የድንጋይ ካባ የነበረ ጉድጓድ ሲሆን በ1970ዎቹ አጋማሽ መጣያ ሆነ። አሁን ግን ጉድጓድ አይደለም፣ ተራራ ነው። ሞልቷል ከተባለ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የከተማው መኪናዎች ግን ዛሬም ይገለብጡበታል። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በ2007 ባወጣው ጥናት ቦታው ከ30 ኤከር በላይ እንደሚሸፍንና በቀን ወደ 2,000 ቶን ቆሻሻ እንደሚጣልበት ገልጾ ነበር። አጠገቡ ኮሮጎቾ የሚባለው የድሆች ሰፈር አለ፤ ት/ቤቶችና አብያተ ክርስቲያናትም አሉ። ናይሮቢ ወንዝ በጎኑ ያልፋል።

ዳንዶራ ቀን ከሌት ይጨሳል። ይህ የሚሆነው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው፣ የሚበሰብሰው ቆሻሻ ከውስጥ ሜቴን የሚባል ተቀጣጣይ ጋዝ ስለሚያወጣ ክምሩ በራሱ ሆዱ ውስጥ ይጤሳል፤ ከላይ አመድ መስሎ ከስር ፍም ነው። ሁለተኛው ደግሞ ሰው ራሱ ይለኩሰዋል። ቆሻሻውን ለመቀነስ የሚለኩስ አለ፤ እንደኛው ተማሪ ሽቦና ጎማ አቃጥሎ ብረትና መዳብ ለማውጣት የሚለኩስም አለ። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ከዚያ ተራራ ላይ እየለቀሙ ይኖራሉ። አባ ኮዳ የምንላቸው እነዚያ ረዣዥም ወፎች፣ አሳማዎች፣ ፍየሎችና ሰዎች እዚያ አንድ ማዕድ ላይ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ታዲያ በዚያ ጭስ ውስጥ ብዙ ነገር አለ፤ ጥቀርሻው፣ ካርቦን ሞኖክሳይዱ፣ እርሳሱ። እኛ ዛሬ የምንጽፈው ግን ዓይን ስለማያየውና አፍንጫ ስለማያሸተው አንዱ ነው፤ ዳይኦክሲን ይባላል። ሽታው የሌላ ነው። ሽታው ሲጠፋ ዳይኦክሲኑ ጠፋ ማለት አይደለም፤ አስቸጋሪነቱም እዚህ ላይ ነው።

ለመሆኑ ዳይኦክሲን ምንድነው?

ዳይኦክሲን አንድ ነገር ሳይሆን ቤተሰብ ነው። ዳይኦክሲንና ፉራን ተብለው የሚጠሩት የቅርብ ዘመዳሞች ሲደመሩ 210 ናቸው፤ ከነሱ 17ቱ እጅግ መርዛማ ናቸው። ማንም ሰው አስቦ አያመርታቸውም። ለሽያጭ የሚሆኑ፣ ጥቅም ያላቸው ነገሮች አይደሉም። ሌላ ነገር ሲቃጠል ወይም አንዳንድ ኬሚካሎች ሲመረቱ ሳይጋበዙ የሚመጡ ናቸው።

እንዲፈጠሩ ሦስት ነገር ይበቃል። አንደኛ ካርቦን፤ እሱ በሁሉም ቆሻሻ ውስጥ አለ፣ በወረቀቱም በእንጨቱም በፕላስቲኩም። ሁለተኛ ክሎሪን፤ እሱ ደግሞ በተለይ ፒቪሲ በሚባለው ፕላስቲክ ውስጥ በብዛት አለ። የፒቪሲ ክብደት ከግማሽ በላይ ክሎሪን ነው። ግራጫው የውሃ ቧንቧ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ልባስ፣ አንዳንዱ የወለል ምንጣፍ፣ አንዳንዱ ሰንደል ጫማ ከፒቪሲ የተሠራ ነው። በምግብ ትርፍራፊ ውስጥ ያለው ጨውም ቢሆን ክሎሪን ስላለው ጥቂት ይጨምራል። ሦስተኛው ደካማ እሳት ነው። እሳቱ በደንብ ቢነድና ከ850 ዲግሪ በላይ ቢሆን ዳይኦክሲኑ ራሱ ተቃጥሎ ይበታተናል። ከ200 እስከ 450 ዲግሪ ባለው መሀል ግን፣ ማለትም በሚጤሰው፣ አየር በሚያንሰው፣ ቶሎ በማይነደው እሳት ውስጥ ይወለዳል። የቆሻሻ ክምር እሳት ደግሞ መቼም ቢሆን እንደዚያ ነው።

በነዚህ ላይ መዳብ ሲጨመር ነገሩ ይብሳል። መዳብ በዚህ ሥራ ላይ እንደ እርሾ ነው። እርሾ ሊጡን ቶሎ እንደሚያፈላው ሁሉ መዳብ በጭሱና በአመዱ ላይ ዳይኦክሲን ቶሎ ቶሎ እንዲፈጠር ያደርጋል፤ እርሾው እንኳ ከሊጡ ጋር አብሮ ይጋገራል፣ መዳቡ ግን ሥራውን ሠርቶ ራሱ ሳያልቅ ይቀራል። አሁን ልጁ ላጋው ውስጥ የሚያደርገውን አስቡት። ክሎሪን ያለበት ላስቲክ፣ ከውስጡ መዳብ፣ ከስሩ የሚጤስ ደካማ እሳት። ዳይኦክሲን ለማምረት ብላችሁ ሆን ብላችሁ ብታስቡ እንኳ ከዚህ የተሻለ አታገኙም። ሽቦ ማቃጠል ከክፉዎቹ ሁሉ የከፋ ነው የምንለው ለዚህ ነው።

መጠኑን በተመለከተ አንድ ነገር እንበል። ዳይኦክሲን የሚለካው በፒኮግራም ነው። አንድ ፒኮግራም ማለት አንድ ግራም አንድ ትሪሊዮን ቦታ ሲከፈል አንዱ ነው። በዓይነ ሕሊናችሁ ለመሳል ከፈለጋችሁ 10 ሺህ ሊትር የሚይዝ የውሃ ቦቴ 100 ሺህ ጊዜ እየተመላለሰ ውሃ ቢቀዳና በዚያ ሁሉ ውሃ ውስጥ አንድ ግራም ጨው ቢሟሟ፣ በአንድ ግራም ውሃ ውስጥ የሚገኘው ጨው አንድ ፒኮግራም ነው። ጃፓን ዓመቱን ሙሉ የከተማ አየር ከዚህ አይለፍ ብላ የወሰነችው ልክ በአንድ ሜትር ኩብ አየር 0.6 ፒኮግራም ነው። «እንዲህ ያለ ኢምንት ነገር ምን ያደርጋል?» የሚል ሰው ይኖራል። ይህን ያህል ኢምንት መጠን ሕግ የሚያስወጣው መርዝነቱ ከባድ ስለሆነ ነው፤ በዚያ ላይ ደግሞ ይጠራቀማል።

ከአየር ወደ እንቁላል

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፤ እኛም ተሳስተን ነበር። ዳይኦክሲን ሲባል ወዲያው ወደ አፍንጫችን ነው የምንሄደው። እርግጥ ነው ጭሱ አጠገብ የቆመ ሰው በትንፋሹም ያስገባዋል። ሆኖም የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ሰው ሰውነት ውስጥ ከሚገባው ዳይኦክሲን ከ90 በመቶ በላይ የሚገባው በምግብ ነው፤ በተለይ በሥጋ፣ በወተትና በዓሣ። አየሩ ማጓጓዣ ነው እንጂ ማረፊያ አይደለም።

መንገዱ እንዲህ ነው። ዳይኦክሲኑ በጥቀርሻና በአመድ ላይ ተለጥፎ ይወጣል። ነፋሱ ይወስደዋል፣ አንዱ እዚያው አጠገብ፣ አንዱ ራቅ ብሎ መሬት ላይ ይወርዳል። ውሃ ውስጥ አይሟሟም፣ ስብ ግን ይወዳል። አፈር ላይ ብዙ ዓመት ይቀመጣል። ከዚያ ዶሮ ትመጣለች። ዶሮ ደግሞ እንደምታውቁት አፈሩን ጭራ፣ አመዱን በትና፣ ትሉን ለቅማ ነው የምትበላው። ከአፈር ወደ ስቧ፣ ከስቧ ወደ እንቁላሉ አስኳል ይገባል። ጥናት የሚያካሂዱ ሰዎች የአንድን ሰፈር አየርና አፈር ለማወቅ ሲፈልጉ በግቢ የምትለቀቅ ዶሮን እንቁላል የሚመረምሩት ለዚህ ነው። ዶሮዋ ሳታውቀው የሰፈሩ መዝገብ ሆናለች።

በ2005 በዳንዶራ አካባቢ ከተለቀቁ ዶሮዎች የተወሰዱ ጥቂት እንቁላሎች ተመርምረው ነበር። የተገኘው የዳይኦክሲን መጠን የአውሮፓ ኅብረት በዚያን ጊዜ ለእንቁላል ከፈቀደው ጣሪያ ከስድስት እጥፍ በላይ ነበር። በ2019 ደግሞ በጋና ዋና ከተማ በአክራ፣ አግቦግብሎሺ በሚባለው የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ሠፈር ተመሳሳይ ምርመራ ተደረገ። እዚያ ሽቦ የሚቃጠለው በኪሎ ሳይሆን በጋሪ ነው። በውጤቱ መሠረት አንድ ጎልማሳ ከዚያ ሰፈር ዶሮ አንድ እንቁላል ቢበላ በአውሮፓ ለአንድ ቀን ይበቃል ከተባለው የዳይኦክሲን ልክ 220 እጥፍ ይወስዳል። አንድ እንቁላል!

ይህን ስንናገር አንዲት የተማሪ እናት «ብቀቅለውስ?» አሉን። እማማ፣ መቀቀሉ ለጀርም ነው እንጂ ለዚህ አይሠራም። ማጠቡም አይሠራም፣ ምክንያቱም ያለው በቅርፊቱ ላይ ሳይሆን በአስኳሉ ስብ ውስጥ ነው። ጎመንና ስፒናች ግን ልዩ ነው፤ እነሱ ላይ የሚያርፈው ብናኝና አመድ በአብዛኛው ከላይ ስለሆነ በደንብ ማጠብ ይጠቅማል።

በሰው ላይ ምን ያደርጋል?

ከዳይኦክሲን ታሪክ የሚታወቀው ትልቁ አደጋ የደረሰው ጣሊያን ውስጥ፣ ከሚላን ከተማ በስተሰሜን 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው። ሐምሌ 10 ቀን 1976 ከአንድ የኬሚካል ፋብሪካ የወጣ ደመና ሴቬሶ በምትባል ከተማና በአካባቢዋ ላይ ወረደ። መጀመሪያ ጥንቸሎችና ዶሮዎች ሞቱ። ከ700 በላይ ሰዎች ቤታቸውን ለቀው እንዲወጡ ተደረገ። ወደ 200 የሚጠጉ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ልጆች፣ ክሎራክኔ የሚባል ከባድ የቆዳ ቁስል ወጣባቸው። ብጉር ይመስላል፤ ነገር ግን ለወራት ብሎም ለዓመታት ይቆያል።

ይህ የከባድ መጠን ውጤት ነው። የዳንዶራ ዓይነቱ ግን ሌላ ነው፤ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት። እንዲህ ያለው በሽታ መከላከያችንን ያዳክማል፣ ሆርሞን ያዛባል፣ በማኅፀን ያለን ሕፃን ዕድገት ይጎዳል፤ ከዳይኦክሲን ሁሉ መርዛማ የሆነው አንዱ ደግሞ በ1997 በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም ለሰው ካንሰር አምጪ ተብሎ ተመድቧል። ዳይኦክሲን ከሰውነት ቶሎ አይወጣም። የገባው ግማሹ እስኪወጣ ከ7 እስከ 11 ዓመት ይፈጃል። ከኛ ከመምህራኑ አንዱ በ30 ዓመቱ ያስገባው ቢኖር 40 ሲሞላው ገና ግማሹን ገደማ ተሸክሞ ነው የሚያስተምረው።

ሁለት ነገር ግን አደራ እንላለን። አንደኛ፣ ዳይኦክሲን በእናት ጡት ወተት ውስጥም ይገኛል ሲባል ሰምታችሁ ጡት እንዳታስጥሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን እያወቀም ጡት ማጥባትን ነው የሚመክረው፤ የሚሰጠው ጥቅም ከጉዳቱ በብዙ ይበልጣል። ሁለተኛ፣ ከላይ የጠቀስነው የ2007 የዳንዶራ ጥናት 328 ልጆችን መርምሮ ከነሱ ግማሽ ያህሉ ደማቸው ውስጥ ያለው የእርሳስ መጠን በዚያን ጊዜ አደገኛ ከተባለው ልክ የደረሰ ወይም ያለፈ ሆኖ አግኝቶታል። ይህ እርሳስ ነው እንጂ ዳይኦክሲን አይደለም። አንዳንድ ሰው ሁለቱን እያቀላቀለ ያወራል። ከአንድ ክምር የሚወጡ የተለያዩ ጠላቶች ናቸው።

እውነቱን እንናገር ከተባለ ደግሞ እኛ ካምፕ ውስጥ ዛሬ ሰው የሚገድለው ከዳይኦክሲን ይልቅ የማገዶ ጭስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ገምቷል። ስለ ዳይኦክሲን የምንጽፈው እሱን ለማሳነስ አይደለም። የማገዶውን ጭስ ለማስቀረት ሌላ ምድጃ፣ ሌላ ነዳጅ ያስፈልጋል፤ ያ በእጃችን የለም። የፒቪሲ ጭስ ግን ባለማቃጠል ብቻ ይቀራል።

ቶኪዮ ምን አደረገች?

«ትልቅ ከተማ ነው፣ ምን ይደረጋል» ለሚል ሰው የጃፓንን ነገር እንነግረዋለን። ጃፓን መሬቷ ጠባብ ስለሆነ ቆሻሻዋን አብዛኛውን የምታቃጥል አገር ናት። በ1990ዎቹ ቶኪዮና አካባቢዋ በትልልቅና በትንንሽ ማቃጠያዎች የተሞሉ ነበሩ። ከቶኪዮ አጠገብ ቶኮሮዛዋ በምትባል ከተማ የፋብሪካ ቆሻሻ ማቃጠያዎች ተደርድረው ነዋሪው ጮኸ። በየካቲት 1999 አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ የአካባቢው ቅጠላ ቅጠል ከፍተኛ ዳይኦክሲን ተገኘበት ብሎ አስተላለፈ፤ የስፒናች ዋጋ በአንድ ጊዜ ወደቀ፣ ገበሬዎቹ ከሰሩ። በኋላ ሲጣራ ያ ትልቁ ቁጥር የስፒናች ሳይሆን የደረቀ የሻይ ቅጠል ሆኖ ተገኘ። ገበሬዎቹም ጣቢያውን ከሰሱ። ይህን የምናነሳው ቁጥር ስታነቡ «የምን ቁጥር ነው?» ብላችሁ እንድትጠይቁ ነው፤ በኛም ጽሑፍ ላይ ጭምር።

ይሁንና ጩኸቱ ከንቱ አልቀረም። በዚያው በ1999 ጃፓን ስለ ዳይኦክሲን ብቻ የሚደነግግ ሕግ አወጣች። ማቃጠያዎች ከ800 ዲግሪ በላይ እንዲያነዱ፣ ጭሱን ቶሎ እንዲያቀዘቅዙ (ቀስ ብሎ ከቀዘቀዘ ዳይኦክሲኑ እንደገና ይፈጠራላ!)፣ በማጣሪያ እንዲያሳልፉ ተገደዱ። ያልቻሉት ተዘጉ። በ2003 የአገሪቱ የዳይኦክሲን ልቀት ከ1997ቱ ጋር ሲነጻጸር ወደ 95 በመቶ ገደማ ቀንሶ ነበር። በስድስት ዓመት።

እኛን ከሁሉ የገረመን ግን ይኼ ነው። ከዚያ በፊት የጃፓን ት/ቤቶች እንደኛው በግቢያቸው ትንንሽ ማቃጠያ ነበራቸው፤ ተማሪዎች ክፍል ከጠረጉ በኋላ ቆሻሻውን ወስደው እዚያ ያቃጥሉ ነበር። በ1997 የትምህርት ሚኒስቴሩ ት/ቤቶች ማቃጠሉን እንዲተዉ አሳሰበ። ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ላይ ሕጉ ከመውጣቱ በፊት መሆኑ ነው። ይህን ስናነብ ዓይናችን ወዲያው ወደ ጓሮው ጉድጓድ ሄደ።

ኬንያም ኢትዮጵያም ስቶክሆልም ላይ በ2001 የተፈረመውን ስምምነት ተቀብለዋል። በሜዳ ላይ ቆሻሻ ማቃጠል በዚያ ስምምነት ውስጥ ከዳይኦክሲን ምንጮች አንዱ ተብሎ በስም ተጽፏል። ኬንያ በነሐሴ 2017 ፌስታል ከለከለች። በ2021 ደግሞ ናይሮቢ ያለ የአካባቢና የመሬት ፍርድ ቤት የዳንዶራ መጣያ በስድስት ወር ውስጥ ከዚያ እንዲነሳ አዘዘ። ስድስት ወሩ ካለፈ ቆየ። እርግጥ ነገሩ ቀላል አይደለም፤ ዳንዶራን መዝጋት ማለት ከዚያ ለቅሞ የሚበላውን ሁሉ እንጀራ መዝጋት ነው፤ ያንን ደግሞ ከመዳቡ ጋር የታገለ ሁሉ ያውቀዋል። አዲስ አበባ ያደግን ሰዎች ቆሼን አንረሳም። መጋቢት 2017 ክምሩ ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰው ሲሞት እዚያው አጠገብ፣ ከዚያም አልፎ ክምሩ ላይ ጭምር ይኖሩ የነበሩ ሰዎች ነበሩ። በ2018 በዚያው ቦታ በረጲ ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያወጣ ማቃጠያ ተመረቀ፤ እንዲህ ያለው ፋብሪካ በአግባቡ ከተያዘ የሚሠራው ልክ ቶኪዮዎቹ በሠሩበት መንገድ ነው፤ በከፍተኛ ሙቀትና በማጣሪያ። ከሜዳ እሳት ጋር አንድ አይደለም።

እኛ ጋስ?

እዚህ ያለነው የካኩማ ሰዎች ዳንዶራን መዝጋት አንችልም። ጉድጓዳችንን ግን እንችላለን ብለን ተነሳን። ከመምህራን ስብሰባ በኋላ የተስማማንበት ይህ ነው፤ ወረቀት፣ ካርቶንና ደረቅ ቅጠል ለብቻ፤ ሽቦ፣ ቧንቧ፣ አሮጌ ጫማና ማንኛውም ምንነቱ ያልታወቀ ፕላስቲክ ለብቻ። ይኼ ሁለተኛው እሳት አይነካውም። ፌስታልና ጀሪካን በራሳቸው ክሎሪን የሌለባቸው ናቸው፤ ቢሆንም ከሌላው ጋር ተደባልቀው ስለሚገኙና ጭሳቸውም ለሳንባ ስለማይሆን አናቃጥላቸውም።

ከሰል በፌስታል የምታያይዙ እናቶችና እህቶችም ይህን ብትተዉልን። ፌስታሉ ቶሎ እንደሚይዝ እናውቃለን፤ ጠዋት ልጅ ለት/ቤት ለማድረስ ሲጣደፉ ማን ጭራሮ ይለቅማል? ቢሆንም ማታ ጥቂት ጭራሮና የካርቶን ቁራጭ አዘጋጅቶ ማደር ይቻላል። «እጣኑስ?» ያሉን ነበሩ። እጣን ከዛፍ ሙጫ የሚገኝ ነው፣ ክሎሪን ይህ ነው የሚባል የለውም፤ ጭስ ግን ጭስ ነውና ቡናው ሲፈላ በሩ ይከፈት። ዶሮ የምታረቡም አመድ የሚደፋበት ቦታ ላይ አትልቀቋቸው፤ የቆሻሻ አመድ ለጓሮ አትክልትም አይሆንም። የእንጨት አመድ ሌላ ነው፣ እሱ ማዳበሪያ ነው።

የሽቦው ልጅ ጉዳይ ከባዱ ነበር። «አታቃጥል» ማለት «ደብተር አትግዛ» ማለት ነው። ስለዚህ ከሁለት መምህራን ጋር ሆነን አንድ ጣውላ ላይ ምስማሮች መታን፣ መሀላቸው ቢላ አሰርን፤ ሽቦው በምስማሮቹ መሀል ሲጎተት ቢላው ልባሱን ይሰነጥቀዋል፣ ከዚያ በእጅ ይላጣል። ወፍራሙን ሽቦ ጥሩ አድርጎ ይልጣል። ቀጭኑን ግን ያስቸግራል፤ ልጆቹ በጥርሳቸው መላጥ ሲጀምሩ ያንን ደግሞ ከለከልን። ቆራሌው የተላጠውን መዳብ አይቶ «ይኼ ንጹሕ ነው፣ ጥቀርሻ የለውም» አለ። ዋጋ ጨምር ስንለው ግን ሳቀ። ከብዙ ክርክር በኋላ በኪሎ ትንሽ ጨመረልን፤ ልጁም ከዚያ ወዲህ ወፍራሙን እያመጣ ከትምህርት በኋላ እዚያው ጣውላው ላይ ይሠራል። ቀጭኑን አሁንም የት እንደሚያደርሰው አልጠየቅነውም።

የተላጠው የላስቲክ ልባስ በመምህራን ክፍል ጀርባ በኬሻ ተቀምጧል። ሁለት ኬሻ ሞልቶ ሦስተኛው ተጀምሯል። አናቃጥለውም፣ ላጋው ውስጥም አንጥለውም፤ ዝናብ ሲመጣ ጎርፉ ይዞት ይሄዳል። ለሚመለከተው ክፍል በጽሑፍ አመልክተናል፣ «እንነጋገርበታለን» ተብለናል። የፒቪሲ ልባስ የሚወስድ ወይም ሌላ ቦታ ምን እንደሚደረግበት የሚያውቅ አንባቢ ካለ በት/ቤቱ የመምህራን ክፍል መልእክት ይተውልን።